የጭነት መኪናው ቅጣት ከማን ኪስ ይወጣል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

በሚዛን፣ በቴፒ፣ በቦንጋ፣ በማሻ፣ በየመፈልፈያው ግቢ ቡና እያገላበጣችሁ የምታዳምጡን፣ ጋቢና ውስጥ ሆናችሁ ሬዲዮኑን ከፍ ያደረጋችሁ ሹፌሮችና ረዳቶች፣ እንዲሁም መኪናችሁን በሰው እጅ ሰጥታችሁ ጉዞውን በስልክ የምትከታተሉ ባለንብረቶች፣ ይህ ጉዳይ የእናንተ ነው።

ዛሬ አንድ ጉዞ አብረን እንሂድ። ወሩ ጥር ነው እንበል። ቡናው ተለቅሟል፣ ደርቋል፣ ተፈልፍሏል። አንድ ኤፍኤስአር አይሱዙ ቴፒ ላይ ጭኖ፣ መሸኛውን ይዞ፣ ሸራውን ወጥሮ ይነሣል። ሚዛን ላይ ምሳ ይበላል። በሺሺንዳ፣ በውሽውሽ አድርጎ ቦንጋ ይደርሳል፤ ጎጀብን ተሻግሮ ጅማ ያድራል። በማግስቱ ግቤን ወርዶ ይወጣል፤ ወልቂጤን፣ ወሊሶን አልፎ ወደ አዲስ አበባ ይጠጋል። ከሚዛን ብቻ ቢቆጠር ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ለከባድ መኪና የሰዓት ገደብ አላት፤ ቀን ቀን እንደልብ አይገባባትም። ስለዚህ ሹፌራችን ከከተማው ዳር ከጓደኞቹ ጋር ተሰልፎ ሰዓቱን ይጠብቃል፣ ገደቡ ሲያበቃም ይገባል። ከመጋዘኑ በር ሲደርስ ግቢው በሌሎች መኪኖች ሞልቷል። ተረካቢው ወጥቶ «እዚሁ አቁምና አራግፍ፣ አሁን ያልቃል» ይለዋል። ያቆማል። ጫኝና አውራጆቹ በዋጋ ሲከራከሩ ጊዜው ይሄዳል። ትራፊክ ይመጣል። ወረቀቱ ይጻፋል።

ሹፌሩ ስልኩን አንሥቶ ለባለንብረቷ ይደውላል።

«እትዬ፣ ተከሰስኩ።»

«ምን አድርገህ?»

«መጋዘኑ በር ላይ፣ ክልክል ቦታ አቁመሃል ተብዬ። ግቢው ሞልቷል፣ መንገድ ላይ አራግፍ አሉኝ።»

«እና እኔ ክልክል ቦታ አቁም አልኩህ ልጄ? አንተ አይደለህ እንዴ መንጃ ፈቃድ ያለህ? ከደሞዝህ ይቆረጣል።»

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ ‹የሚሉህን አድርግ፣ ዛሬ ሳታራግፍ እንዳታድር› ብለውኛል።»

ይህ ንግግር እኔ ለትምህርት ያዘጋጀሁት ነው። ነገር ግን በዚህ መስመር የሠራ ሰው ሁሉ ቃላቱን ያውቃቸዋል። ልብ በሉ፣ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። እሳቸው ክልክል ቦታ አቁም አላሉም። እሱም በፈቃዱ አልቆመም። ሦስተኛው ሰው፣ «እዚሁ አቁም» ያለው ተረካቢ፣ በስልኩ ንግግር ውስጥ የለም፤ ሒሳብ ሲወራረድም ብዙ ጊዜ አይኖርም።

እንግዲህ ጥያቄው ሁለት ነው፤ ሰው ግን አንድ አድርጎ ስለሚይዘው ይጣላል። አንደኛው «ሕጉ የሚቀጣው ማንን ነው?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ገንዘቡ በመጨረሻ ከማን ኪስ ይወጣል?» የሚል ነው።

ከፊተኛው እንጀምር። ክልክል ቦታ መቆም፣ ፍጥነት፣ ምልክት መጣስ የመሳሰሉት የአሽከርካሪ ጥፋቶች ናቸው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. ያወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208፣ ከዚያም በ2009 ዓ.ም. ያሻሻለው ደንብ ቁጥር 395 ጥፋቶቹን በእርከን በእርከን ከፋፍለዋቸዋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ደንብ ቁጥር 557 ወጥቶ የገንዘቡ መጠን ከፍ ብሏል። ድልድይ ላይ፣ ኩርባ ላይ፣ መስቀለኛ መንገድ አጠገብ፣ የእግረኛ ማቋረጫ ላይ ያቆመ ሰው መሪውን የያዘው እሱ ነውና ተጠያቂው እሱ ነው። «አለቃዬ አዞኝ ነው» ማለት ከትራፊኩ ፊት አያድንም።

እዚህ ላይ ጠለቅ ብዬ መናገር የምፈልገው ነገር አለ፤ ባለንብረቶችም ጆሯችሁን ስጡኝ። ቅጣቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ከገንዘቡ ጎን የጥፋት ሪከርድ አለ። ጥፋቱ እንደ እርከኑ በአሽከርካሪው ስም ይመዘገባል፣ ይጠራቀማል፣ ሲበዛ መንጃ ፈቃድ እስከ ማሳገድ ይደርሳል። ገንዘቡን ባለንብረቷ ሊተኩለት ይችላሉ። ተረካቢውም «በእኔ ምክንያት ነው» ብሎ ሊከፍል ይችላል። ሪከርዱን ግን ማንም ሊሸከምለት አይችልም። ስለዚህ «አቁም፣ ቅጣቱን እኔ እከፍላለሁ» የሚል አለቃ የሚሰጠው የነገሩን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የሹፌሩ እንጀራ ነው። መንጃ ፈቃዱ የታገደበት ሹፌር ምን ይሠራል? አንድ ሰው ስንት ዓመት ረዳት ሆኖ፣ ጎማ ሲፈታና ሲገጥም፣ ሸራ ሲወጥር ኖሮ ነው ለዚያች ካርድ የሚበቃው። እኔ ይህን ሳስብ፣ በሰው መንጃ ፈቃድ ላይ ማዘዝን በሰው ኪስ ከማዘዝ የከፋ ሆኖ አገኘዋለሁ።

በአንጻሩ የባለንብረት የሆኑ ጥፋቶች አሉ። ቦሎ ያልታደሰለት፣ ፍሬኑ ወይም መብራቱ ያልተጠገነ፣ የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው መኪና መንገድ ላይ ቢያዝ ነገሩ ከሹፌሩ እጅ ይወጣል። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 መድን የሌለውን መኪና መንዳት ብቻ ሳይሆን ሌላ ሰው እንዲነዳው መፍቀድንም ይከለክላል። የፈቀደው ማን ነው? ቁልፉን የሰጠው ነዋ። እንዲህ ያለውን ቅጣት ከሹፌር ደሞዝ መቁረጥ ለኔ ሐቅ አይመስለኝም። ትርፍ ጭነትም ከዚሁ አይርቅም። ስንት ኩንታል እንደሚጫን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ባለጭነቱና ባለንብረቱ ተነጋግረው ነው፤ የጭነት መመዘኛ ጣቢያ ላይ ወርዶ የሚጨቃጨቀው ግን ሹፌሩ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ሹፌሩ ደሞዝተኛ ከሆነ በሱና በአሠሪው መካከል የሚዳኘው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አንቀጽ 59ን ያዙልኝ፤ ሃምሳ ዘጠኝ። አሠሪ ከሠራተኛ ደሞዝ ላይ እንዳሻው አይቆርጥም። መቁረጥ የሚችለው ሕግ ሲፈቅድ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ሲወሰን፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ አለዚያም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ሲስማማ ነው። በስልክ «ይቆረጣል» ማለት ከነዚህ ውስጥ የለም። ሹፌሩ ዝም ማለቱም ስምምነት አይደለም።

መቁረጥ ተፈቀደ እንኳ ቢባል ልክ አለው። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ሁሉ ተደምሮ ከወር ደሞዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ስሌቱን ለማሳየት ያህል፣ ደሞዙ 9,000 ብር የሆነ ሰው ቢኖር በአንድ ወር ከ3,000 ብር በላይ ሊቆረጥበት አይችልም። ብድርም ይኑርበት፣ ቅጣትም ይኑርበት፣ ሁሉም በዚያ ሲሶ ውስጥ ነው የሚያልፈው። የተረፈው ለሚቀጥለው ወር ይሸጋገራል።

ስለ አበልም ልጨምር፤ በመኪና ሥራ ትልቁ ጭቅጭቅ እዚያ ነውና። ሹፌር መንገድ ላይ የሚበላው፣ የሚያድርበት ገንዘብ በአዋጁ ደሞዝ ተብሎ አይቆጠርም። ስለዚህ ሲሶው ሲሰላ አበሉን ከደሞዙ ጋር ደምሮ ማብዛት ትክክል አይደለም። አበሉን ራሱን «ለቅጣት ይዣለሁ» ብሎ ማስቀረትስ? ያን ማድረግ ሰውን ጎጀብ ላይ ያለ እራት ማሳደር ነው። የራበውና ያልተኛ ሹፌር የግቤን ቁልቁለት ሲወርድ ከጀርባው ያለው ጭነት የማን እንደሆነ ባለንብረቱ ያስብ።

«እኛ እኮ የተጻፈ ውል የለንም» የምትሉ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። በዚህ ሥራ ውሉ በመጨባበጥ ነው። ሹፌር በሰው በሰው ይመጣል፣ «እገሌ ጥሩ ነው» ይባላል፣ ቁልፍ ይሰጠዋል። አዋጁ ይህንንም አይቶታል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው ውሉ ከተደረገ በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዋና ዋና ነገር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ወረቀቱ አልተሰጠም ተብሎ ደግሞ የሠራተኛው መብት አይቀርም። ያለ አግባብ ተቆርጦብኛል የሚል ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ነገር ግን አትዘግዩ፤ የደሞዝ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ቡና ሲያልቅ ቂሙን ይዞ ወደ ሌላ መኪና የሚሄድ ሹፌር ብዙ ነው፤ በሚቀጥለው ለቀማ ሲመለስ ጊዜው አልፎበታል።

ይህ ሕግ ለደሞዝተኛ ነው። የገዛ አይሱዙውን የሚነዳ ወይም መኪና ተከራይቶ በራሱ ኪሳራና ትርፍ የሚሠራ ሰው በዚህ አዋጅ አይተዳደርም፤ ቅጣቱ ከራሱ ይወጣል፣ ወይም ከባለጭነቱ ጋር በገባው ውል ይወሰናል።

(አጭር ሙዚቃ)

እስቲ ሌላውም ዓለም ምን እንደሚያደርግ እንይ። በእንግሊዝ አገር ማዘጋጃ ቤት የሚጥለው የመኪና ማቆሚያ ቅጣት በመሠረቱ የሚላከው ለመኪናው ባለቤት ነው፤ ማን እንደነዳው አይጠየቅም። ባለቤቱ ከሹፌሩ ደሞዝ ልቁረጥ ቢል እዚያም አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ይጠየቃል። ኒውዮርክ ደግሞ ለየት ትላለች። የከተማው ፋይናንስ መሥሪያ ቤት ከትልልቅ ዕቃ አድራሾች ጋር የሚዋዋልበት አሠራር አለው። እንደ ዩፒኤስና ፌዴክስ ያሉ ድርጅቶች ቅጣቱን በቅናሽ በጅምላ ይከፍላሉ፣ በምላሹ ወረቀቱን የመቃወም መብታቸውን ይተዋሉ። ይህ ማለት ድርጅቱ «መንገድ ላይ መቆም የሥራዬ አካል ነው፣ ወጪዬ ነው» ብሎ አመነ ማለት ነው። ሹፌሩን ከጭቅጭቅ አውጥቶታል፤ መንገዱን ግን አላስለቀቀውም። እኛ እንዳለ ብንቀዳው አይሆንልንም፤ ገንዘቡ በጅምላ ቢከፈልም ሪከርዱ በየሹፌሩ ስም ነውና።

በኛም አገር ሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ድርጅት አንድ ነገር ይወቅ። በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሕግ በመተላለፍ የተከፈለ ቅጣት ወጪ ተብሎ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ አይቀነስም። ስለዚህ «የድርጅቱ ወጪ ነው» ብሎ እንደ ነዳጅና እንደ ጎማ መመዝገብ አይቻልም፤ ከትርፍ ላይ የሚወጣ ገንዘብ ነው።

እንግዲህ ፍርዱ ምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔ የምለው ቅጣቱ መቆሚያውን የመረጠውን ሰው ይከተል ነው። ሹፌሩ ሻይ ሊጠጣ፣ ዘመድ ሊጠይቅ፣ ጫት ሊገዛ ወርዶ ኩርባ ላይ ካቆመ ቅጣቱም የራሱ ነው፣ ክርክር የለውም። መኪናው የቆመው ግን አለቃ ወይም ተረካቢ ስላዘዘ ከሆነ ያዘዘው ይክፈል። ሦስተኛም ዓይነት አለ፣ ማንም ሳይመርጥ የሚቆም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2001 ዓ.ም. የቡናን ግብይት ከጀመረ ወዲህ ቡና የጫነ መኪና በቦንጋም በጅማም ናሙና እስኪወሰድ፣ እስኪመዘን፣ እስኪራገፍ ወረፋ መጠበቅ ለምዷል። ለቀማው ሲበረታ ሰልፉ ከግቢ ወጥቶ መንገድ ይይዛል። እዚያ ላይ ሹፌሩ ምን ይምረጥ? ወረፋውን ለቆ ሩቅ ቢያቆም ተራው ያልፈዋል፤ ቢቆም ይከሰሳል። ይህን የወረፋ ጊዜ ባለጭነቱና ባለመኪናው ከጉዞው በፊት በዋጋው ውስጥ ሊያስቡት ይገባል።

ከተሞቻችንም ከነገሩ አይወጡም። በብዙ ከተሞች አስፋልቱ ራሱ ገበያም፣ ጋራዥም፣ ማደሪያም ነው። ጎሚስታው መንገድ ዳር ነው፣ ምግብ ቤቱ መንገድ ዳር ነው፣ ስለዚህ መኪናውም መንገድ ዳር ያድራል። ለከባድ መኪና የሚሆን ሜዳ፣ ጥበቃና መብራት ያለው ማደሪያ ያዘጋጀ ማዘጋጃ ቤት ሲቀጣም አፉን ሞልቶ ይቀጣል። ሹፌር ለማደሪያ ጥቂት ብር መክፈል አይከብደውም፤ ቡና የጫነ መኪና ጨለማ ውስጥ አቁሞ ሸራው እንዳይቀደድ ሌሊቱን ሲቃኝ ማደር ነው የሚከብደው።

በኛ አካባቢ መንገድ ለይቶ የሚያስፈራኝ ደግሞ ጭጋጉ ነው። በከፋና በሸካ ደጋ፣ በቦንጋ ዙሪያ፣ ወደ ማሻ ስትወጡ፣ ጭጋጉ ሲወርድ ከፊት ያለ ነገር አይታይም። ዝናቡም ዓመቱን ሙሉ እምብዛም አይጠፋም። በዚያ ላይ የተበላሸ መኪና መሐል መንገድ ይቆማል፤ ሹፌሩ ቅጠል ቆርጦ ከኋላ ይጥላል፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይወትፋል። ሲነሣ ቅጠሉም ድንጋዩም እዚያው ይቀራል። ስለዚህ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን ያዙ፤ ድንጋዩን አንሡ። የቆመ መኪና ላይ ሰው ቢጋጭ ነገሩ ከትራፊክ ቅጣት ያልፋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለንብረቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ እሱ ያልፈቀደለት ሰው ነድቶት እንኳ ቢሆን። የአንድ ቀን መቆሚያ ለመቆጠብ ብሎ ኩርባ ላይ የሚያሳድር ባለንብረት ይህን ይወቅ።

ስለ ደረሰኝ ደግሞ አንድ ቃል። ቅጣት ማለት ወረቀት ያለው፣ በሕጋዊ መንገድ ተከፍሎ ደረሰኝ የሚሰጠው ነው። በእጅ የሚጨበጥ፣ «ለሻይ» የሚባል ገንዘብ ቅጣት አይደለም፤ ጉቦ ነው፣ ሰጪውንም ተቀባዩንም ወንጀለኛ ያደርጋል። ሹፌሩም ያንን ገንዘብ «ተቀጣሁ» ብሎ ለባለንብረቱ ሲያስመዘግብ መተማመኑ ይበላሻል። ባለንብረቱ ከዚያ በኋላ እውነተኛውንም ቅጣት አያምንም። ብዙ ሐቀኛ ሹፌሮች የሚጎዱት ሌሎች ባጠፉት እምነት ነው። ስለዚህ የክሱን ወረቀት በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፣ ያን ዕለት ላኩት፤ የት እንደቆማችሁና ማን እንዳዘዛችሁ በአጭር መልእክት አያይዙ። «እዚሁ አቁም» የሚላችሁ ተረካቢ ሲያጋጥማችሁ ከመቆማችሁ በፊት ለባለንብረቱ ደውሉ። ባለንብረቱም ስልኩን ያንሣ፤ «አንተ ታውቃለህ» ብሎ አይዝጋ።

አሁን እርሳስና ወረቀት ያላችሁ አምጡ። ከጉዞ በፊት፣ መኪናው ከሚዛን ወይም ከቴፒ ሳይነሣ፣ በሁለት ቅጂ የምትፈራረሙበትን አንቀጽ ቀስ ብዬ አነባለሁ። ቀኑን እናንተ ተስማምታችሁ ሙሉት።

«ሹፌሩ በራሱ ምርጫ ክልክል ቦታ በማቆሙ የሚመጣ ቅጣት የሹፌሩ ነው። በአሠሪው፣ በወኪሉ ወይም በጭነት ተረካቢው ትእዛዝ፣ ወይም ለመጫንና ለማራገፍ ወረፋ ሲጠብቅ የተቀጣውን አሠሪው ደረሰኙ በቀረበለት በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ይተካል። የቦሎ፣ የመድን፣ የመኪና ብልሽትና የትርፍ ጭነት ቅጣት የአሠሪው ነው። ከደሞዝ የሚቆረጥ ቅጣት ቢኖር ሹፌሩ ስለዚያው ቅጣት በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ፣ በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዙ ሲሶ ሳይበልጥ ይቆረጣል፤ አበሉ አይነካም። ሹፌሩ ክልክል ቦታ እንዲያቆም ታዝዞ እምቢ ቢል፣ በመዘግየቱ ምንም አይቆረጥበትም፣ ከሥራም አይወጣም።»

የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ልድገመው፤ ከአንቀጹ ሁሉ ብዙ ሰው ሳይጽፈው የሚያልፈው እሱን ነው። «ሹፌሩ ክልክል ቦታ እንዲያቆም ታዝዞ እምቢ ቢል፣ በመዘግየቱ ምንም አይቆረጥበትም፣ ከሥራም አይወጣም።»

(ሙዚቃ)